ማንን ትጭናለህ?

ባለፈው ኤፕሪል በዌስት ቨርጂኒያ ሞርጋን ካውንቲ (ካውንቲ እንደ ወረዳ ያለ የስቴቱ ክፍል ነው)፣ በርክሊ ስፕሪንግስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከሕዝብ የውሃ ቧንቧ ፊት ጀሪካን ይዤ ተራዬን ስጠብቅ አንድ አዛውንት የጠየቁኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ጥያቄው ክፋት አልነበረውም፤ እንዲያውም ሰውየው የሞላውን ጀሪካን መኪናዬ ድረስ ካላደረስኩልህ ብለው የተሟገቱ ደግ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ እኔና ባለቤቴ ወደ ገጠር ብንዛወር ያዋጣናል ወይ ብለን ለአምስት ወራት ስንደምርና ስንቀንስ የከረምነውን ሂሳብ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አፈረሱት። አፈረሱት ስል ትንሽ አጋነንኩ መሰለኝ፤ ድምሩ ልክ ነበር። የተሳሳትነው ከመደመራችን በፊት ነው።

የምንኖረው በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ ታውንሃውስ፣ ከጎረቤት ጋር በግድግዳ በተያያዘ ቤት ነው። ባለቤቴ በሆስፒታል ነርስ ናት፤ በሳምንት ሦስት ቀን አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ትሠራለች። እኔ ቀድሞ ታክሲ፣ ከ2014 ወዲህ ደግሞ ኡበር እነዳለሁ። ከተማውን ስለ መልቀቅ ማሰብ የጀመርነው በአንድ ሳምንት ውስጥ የኤችኦኤው (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ክፍያ ጭማሪና የመኪናዬ ኢንሹራንስ ዕድሳት ተከታትለው በመጡ ጊዜ ነው። ነገሩን ያጋጋለው ግን የልጄ የክርስትና አባት ነው። እሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከእኛ ሁለት ዓመት ቀድሞ ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ወጥቶ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ገዝቷል፤ በመጣ ቁጥርም «እናንተ እኮ የምትሠሩት ለካውንቲው ነው» እያለ ያበሽቀን ነበር። አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባለቤቴ ከልጃችን ደብተር ላይ አንድ ወረቀት ገንጥላ፣ ከላይ «የአሁኑ» እና «የገጠሩ» ብላ ጽፋ፣ መሀሉን በመስመር ከፈለችው።

ግብሩ በወረቀት ላይ

የጀመርነው ከግብሩ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያማርረው እሱን ነውና። በሜሪላንድ ከስቴቱ የገቢ ግብር በተጨማሪ እያንዳንዱ ካውንቲ የራሱን የገቢ ግብር ያስከፍላል፤ የሞንትጎመሪ በ2025 3.2 በመቶ ነበር። በዌስት ቨርጂኒያ የካውንቲ የገቢ ግብር የለም። የስቴቱ ከፍተኛ የግብር መጠንም በ2023 ከ6.5 ወደ 5.12 በመቶ፣ ለ2025 ደግሞ ወደ 4.82 በመቶ ዝቅ ብሏል። የክርስትና አባቱ ጉራ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም።

ሆኖም የመቶኛውን ቁጥር ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። ሜሪላንድ መደበኛውን ቅናሽና ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል 3,200 ዶላር ከገቢያችን ላይ ካነሣ በኋላ ነው ግብሩን የሚያሰላው፤ ዌስት ቨርጂኒያ ግን መደበኛ ቅናሽ የሚባል ነገር የለውም፣ በነፍስ ወከፍ የሚቀንሰውም 2,000 ዶላር ነው። ይህን ሁሉ አስገብተን፣ የእሷን 77 ሺህ ዶላር ደመወዝና የእኔን ወጪው የተቀነሰለት 31 ሺህ ዶላር ደምረን ስናሰላው፣ ለሜሪላንድና ለሞንትጎመሪ የምንከፍለው ወደ 6,800 ዶላር፣ ለዌስት ቨርጂኒያ የምንከፍለው ደግሞ ወደ 3,900 ዶላር ሆነ። በዓመት 2,900 ዶላር ይተርፈናል ማለት ነው። ባለቤቴ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

የንብረት ግብሩ ከዚህም ይበልጥ የሚያስደስት ነበር። ዌስት ቨርጂኒያ ቤትን የሚገብረው በገበያ ዋጋው 60 በመቶ ላይ ነው። ያየነው ቤት የተጠየቀበት ዋጋ 305 ሺህ ዶላር ስለነበር ግብሩ የሚታሰበው በ183 ሺህ ላይ ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ግብር ከ2,000 ዶላር ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን ሻጯ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ በመሆኑ ከግምቱ ላይ 20 ሺህ ዶላር ይነሣላቸው እንደነበር ያወቅነው በካውንቲው ጽሕፈት ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት በትዕግሥት ስታስረዳን ነው። እኛ ስንገዛው ወደ 2,200 ይጠጋል። በማስታወቂያ ላይ የሚታየው ግብር የሻጩ ግብር እንጂ የገዢው አይደለም፤ ይህ በሜሪላንድም እንዲሁ ነው፣ በነባሩ ባለቤት ላይ የግምቱን ዓመታዊ ጭማሪ የሚገድበው ቅናሽ ቤቱ ሲሸጥ አብሮ ይቀራልና። በነገራችን ላይ በዌስት ቨርጂኒያ የንብረት ግብር የሚሰበስበው የካውንቲው ሸሪፍ ነው። ይህን ስነግራት ባለቤቴ «እንግዲህ ማርፈድ የለም» ብላ ሳቀች። ለሲልቨር ስፕሪንጉ ቤት የምንከፍለው 4,400 ገደማ ስለሆነ እዚህም 2,200 ዶላር ተረፈን።

በሜሪላንድ የሌለ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ግን በየዓመቱ የሚከፈል የመኪና ግብር አለ። ከ2024 ጀምሮ በጊዜው የከፈለ ሰው በስቴቱ የገቢ ግብር በኩል ስለሚመለስለት ብዙም አላስጨነቀንም። የኤችኦኤው ክፍያ ሲጨመርበት በዓመት የምናተርፈው በድምሩ 6,500 ዶላር ያህል ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። ከገቢያችን ላይ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ስቴቱም ካውንቲውም አይደለም። የፌዴራሉ የገቢ ግብር፣ ከእሷ ደመወዝ ላይ ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና (ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር) የሚቆረጠው 7.65 በመቶ፣ በራሴ የምሠራ በመሆኔ ለዚያው እኔ የምከፍለው 15.3 በመቶ፣ እነዚህ ሁሉ ተራራ ብንወጣ፣ ሸለቆ ብንወርድ አይለወጡም። ግብር ሸሽተን ልንሄድ ስንዘጋጅ ዋናው ግብር ሻንጣው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ርካሹ ቤት

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል፤ ቤቱን ያየን ዕለት የእኛ ልብ ፈርዶ ጨርሷል። ሦስት ኤከር መሬት፣ ከበስተጀርባው ጫካ፣ ከፊቱ ለጎመን፣ ለበርበሬ ከፈለግንም ለዶሮ የሚበቃ ሜዳ። የእኛ ታውንሃውስ ወደ 480 ሺህ ዶላር እንደሚያወጣ ተነግሮናል፤ በ305 ሺህ ዶላር እጥፍ ስፋት ያለው ቤት ማግኘት እንዴት ሂሳብ ያስፈልገዋል?

ያስፈልገዋል። በጃንዋሪ 2021 የሠላሳ ዓመት ሞርጌጅ (የቤት ብድር) አማካይ ወለድ እስከ 2.65 በመቶ ወርዶ ነበር። እኛም በዚያ ዓመት የቀረንን 310 ሺህ ዶላር ዕዳ በ2.875 በመቶ ሪፋይናንስ አድርገናል፣ ማለትም በአዲስ ብድር ተክተነዋል፤ ግብርና ኢንሹራንስ ሳይጨመር ወርሃዊ ክፍያችን 1,286 ዶላር ነው። ዛሬ የቀረው ዕዳ ወደ 282 ሺህ ዝቅ ብሏል። ቤቱን ሸጠን፣ የደላላውንና የክሎዚንጉን (የሽያጩን መዝጊያ) ወጪ ችለን፣ 105 ሺህ ዶላር ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ብንከፍል አዲሱ ዕዳ 200 ሺህ ብቻ ይሆናል፤ ከ50 ሺህ ዶላር በላይም በእጃችን ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሎተሪ ዕጣ ይመስላል። ነገር ግን ወለዱ በኦክቶበር 2023 እስከ 7.79 በመቶ ወጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዝቅ ቢልም አበዳሪው ለእኛ የሰጠን ዋጋ 6.875 በመቶ ነው። ለ200 ሺህ ዶላር ወርሃዊ ክፍያው ስንት እንደሚሆን ታውቃላችሁ? 1,314 ዶላር።

ይህን ቁጥር ሳየው ስልኬ የተሳሳተ መስሎኝ በባለቤቴ ስልክ እንደገና አሰላሁት። ዕዳው በ82 ሺህ ዶላር ይቀንሳል፤ ወርሃዊ ክፍያው ግን በ28 ዶላር ይጨምራል። በዚያ ላይ 26 ዓመት የቀረው ዕዳ እንደገና ከአንድ ተነሥቶ 30 ዓመት ይቆጥራል። እኔ አሁን 49 ዓመቴ ነው። ያ ሁሉ መሬት፣ ያ ሁሉ ስፋት የእኛ ነው፤ ለቤት ብለን በየወሩ ከኪሳችን የምናወጣው ገንዘብ ግን አልረከሰም። እኛ ርካሽ የነበርነው ሳናውቀው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ነው፤ ርካሹ ነገር ቤታችን ሳይሆን ወለዳችን ነበር፣ እሱ ደግሞ ከቤቱ ጋር ሲሸጥ ለማንም አይተላለፍም፣ ይጠፋል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የምትለዋን የእናቴን ተረት ባለቤቴ በእኔ ድምፅ ደገመችልኝ። ቢያንስ ድስቱን ገና አልጣድነውም ነበር።

እንዲህም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥንም። ከ6,500ው ላይ የወርሃዊው ክፍያ ጭማሪ ቢቀነስ ወደ 6,100 ዶላር ይተርፋል። ከቤቱ እስከ ባለቤቴ ሆስፒታል 95 ማይል ገደማ ነው፤ በሀንኮክ በኩል ወጥቶ 70 ሀይዌይን፣ ከፍሬድሪክ በኋላ ደግሞ 270ን ይዞ መውረድ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ስለምትሠራ በዓመት 156 ጊዜ፣ ደርሶ መልስ 190 ማይል ትነዳለች ብለን ስናባዛው 29,640 ማይል ሆነ። ቤንዚኑን ስናስበው 3,200 ዶላር ገደማ። «ያዋጣል» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ኑሮዬን በመኪና የመሠረትኩ፣ በየዓመቱ ግብር ሳሳውቅ የማይል ሂሳብ የምሠራ ሰው! የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ ለ2025 ለሥራ ለተነዳ አንድ ማይል የፈቀደው 70 ሳንቲም ነው፤ ይህም ጎማውን፣ ዘይቱን፣ ኢንሹራንሱንና የመኪናውን ማርጀት ጭምር ስለሚይዝ ነው። ከቤት ወደ ሥራ የሚነዳው ማይል ከግብር የማይቀነስ ቢሆንም መኪናው ይህን አያውቅም፤ እኩል ያረጃል። በ70 ሳንቲም ሲባዛ 20,748 ዶላር ይሆናል። አሮጌና ዕዳ የሌለበት መኪና ከዚህ ባነሰ ይሄዳል ብላችሁ ግማሹን ብትወስዱት እንኳ ከግብሩ የተረፈንን በልቶ ይጨርሰዋል። መንገድ ላይ የሚያልፈውን ከ540 የሚበልጥ ሰዓት ገና አልቆጠርንም፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት የሌሊት ሥራ በኋላ ዓይኗን እያሸች የምትነዳው ባለቤቴ ናት፣ ይህን እንኳ ወረቀት ላይ ልጽፈው አልፈለግሁም።

«እንግዲያው ሥራውንም እዚያው ልፈልግ» አለች። ቤቱን ለሁለተኛ ጊዜ ለማየት የሄድነው ይህን ወስነን ነው።

ከቧንቧው ሥር

በርክሊ ስፕሪንግስ በሕግ የምትጠራበት ስም ባዝ ነው፤ ካውንቲው በሙሉ ወደ 17 ሺህ ሕዝብ ብቻ ይኖርበታል፣ የእኛ ካውንቲ ግን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። በከተማዋ መሀል ዓመቱን ሙሉ የማይጎድል ምንጭ አለ። ጆርጅ ዋሽንግተን ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በ1748፣ ከመሬት ቀያሾች ጋር ሲያልፍ ያየው ምንጭ ነው፤ የሱ «መታጠቢያ» ነው እየተባለ የሚታይ የድንጋይ ገንዳም አለ። አዲስ አበባ ለፍልውሃ ተብላ መቆርቆሯን ስለምናውቅ እኛም ፍልውሃ ልናይ ነበር የጓጓነው፤ ውሃው ግን 23 ዲግሪ ገደማ፣ ለብ ያለ ነው። ይሁን እንጂ በነፃ ነው፣ ማንም ሰው እየመጣ ይቀዳል። አማቴ «ከምንጩ ሳትይዙልኝ እንዳትመጡ» ብለው ስላዘዙን ጀሪካን ይዘን ተሰለፍን።

አዛውንቱ ከኋላችን ነበሩ፤ አራት ባዶ የወተት ጋሎን ይዘዋል። ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ስላቸው ሳቁ፤ የሁለቱም ከተማ ስም ምንጭ ማለት ነውና «ከምንጭ ወደ ምንጭ» አሉ። ቤት ልንገዛ እያየን መሆኑን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ሰው ያስፈልገናል፤ ትምህርት ቤታችን ልጆች ያስፈልጉታል» አሉና ሥራችንን ጠየቁ። ባለቤቴ ነርስ መሆኗን ነገረቻቸው። «ነርስማ ከሰማይ የወረደች ናት» አሉ፤ ቀጥለውም መዳፋቸውን በወገባቸው ልክ አድርገው «ደመወዙ ግን እዚህ ጋ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሹፌር ነኝ፤ ሰው ነው የምጭነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው መንገዱን አዩ፤ እኔም ዓይናቸውን ተከትዬ አየሁ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ነበር። ከመናፈሻው አጠገብ የቆሙት መኪኖች አብዛኞቹ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰሌዳ የለጠፉ፣ እንደ እኛው ለመዝናናት የመጡ፣ በራሳቸው መኪና የመጡ ነበሩ። «እዚህ ማንን ትጭናለህ?» አሉኝ።

አላሾፉብኝም። እንዲያውም ጥያቄውን የምራቸውን ይዘው መልስ ይፈልጉልኝ ጀመር። ለኩላሊት እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን የምትመላለስ ጎረቤት አለቻቸው፣ ግን የሚያደርሳት ልጇ ነው። አልፎ አልፎ ሠርግ ይደረጋል፣ እንግዳ ይመጣል። በጣታቸው እየቆጠሩ ሦስተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ስለ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው አወሩኝ፤ አንደኛው ወንዙን ተሻግሮ ሀገርስታውን በሚገኝ መጋዘን፣ ሁለተኛው ቨርጂኒያ ወርዶ ዊንቸስተር ነው የሚሠሩት። «ልጆቼ የሚተኙት እዚህ ነው፤ የሚበሉት ግን ከዚያ ነው» አሉ። እኔ የምሰማቸው መስዬ ራሴን እነቀንቅ ነበር እንጂ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የጫንኳቸውን ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድነት አሰብኳቸው፤ ጎህ ሳይቀድ ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደውን ነጋዴ፣ ከሆስፒታል የምትወጣዋን የጽዳት ሠራተኛ፣ ከቡና ቤት የሚወጡትን ተማሪዎች። ገቢዬ እስከዚያ ቀን ድረስ ከጉልበቴ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ጉልበቴንማ በርክሊ ስፕሪንግስ ይዤው ሄጃለሁ፤ እነሱ ናቸው ያልመጡት።

አንድ ነገር በሁለት ዓምድ

ወደ ቤት ስንመለስ ወረቀቱን አወጣሁት። ከላይ፣ በሁለቱም ዓምድ ራስ ላይ፣ በባለቤቴ የእጅ ጽሑፍ 108 ሺህ ዶላር የሚል ቁጥር ተጽፏል። ግብሩን መርምረናል፣ የቤቱን ዋጋ መርምረናል፣ ወለዱን መርምረናል፤ ገቢያችንን ግን እንደ ስማችን፣ የትም ብንሄድ እንደማይለወጥ ነገር፣ ሳንነካው ከላይ አስቀምጠነዋል። አምስት ወር ሙሉ ያሰላነው ገቢያችንን ይዘን እንሄዳለን በሚል ሳናነሣው ባለፍነው ግምት ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ባወጣሁ ባወረድኩ ቁጥር የምደርስበት ሐሳብ አንድ ነው። የገጠር ካውንቲ ቤት ርካሽ መሆኑና ደመወዙ ማነሱ በሚዛን ግራና ቀኝ የሚቀመጡ ሁለት ነገሮች አይደሉም። አንድ ነገር ናቸው። ያ ቤት 305 ሺህ ዶላር የሆነው ሊገዛው የሚመጣው ሰው ካውንቲው በሚከፍለው ደመወዝ ሊደርስበት የሚችለው እዚያ ድረስ ስለሆነ ነው፤ የእኛ ጠባብ ታውንሃውስ 480 ሺህ የደረሰው በዙሪያው ሆስፒታሉ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ ዩኒቨርሲቲውና አውሮፕላን ማረፊያው ደመወዝ ስለሚከፍሉና ደመወዝተኛው ሁሉ ለዚያው ጣሪያ ስለሚሻማ ነው። እኛ ግን የቤቱን ዋጋ ከገጠሩ፣ ደመወዙን ከከተማው ወስደን አንድ ዓምድ ውስጥ ጻፍናቸው። እንዲህ ያለ ቦታ ካለ እኔም አሳዩኝ፤ ዛሬውኑ እገባለሁ።

ባለቤቴ በካውንቲውና በአካባቢው ሥራ ጠየቀች፤ አዛውንቱ በመዳፋቸው ያሳዩን ልክ ነበር። የተነገራት ክፍያ አሁን ከምታገኘው በሰዓት 8 ዶላር ያንሳል፤ በዓመት በምትሠራው 1,872 ሰዓት ሲባዛ 15 ሺህ ዶላር ይጠጋል። የእኔ 31 ሺህ ደግሞ በአዛውንቱ ጣት ላይ ተቆጥሯል። ሲልቨር ስፕሪንግ እየተመላለስኩ፣ ሳምንቱን ወዳጅ ቤት እያደርኩ ልሥራ ብልም የግብሩ ጥቅም እንኳ ሙሉ በሙሉ አይደርሰኝም፤ በሁለቱ ስቴቶች መካከል ያለው፣ ሰው በሚሠራበት ሳይሆን በሚኖርበት ስቴት ብቻ እንዲገብር የሚያደርገው ስምምነት ለደመወዝተኛ እንጂ በራሱ ለሚሠራ ሰው አይደለም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? እኛ አንዱን ባላ ራሳችን ሰብረን፣ ሁለተኛውን ልጠን ልንሄድ ነበር።

የክርስትና አባቱ ነገር እንግዲህ እዚህ ላይ ይገባል። የእሱ ገቢ ጎማ አለው፤ ጭነቱን ከፔንሲልቬንያ አንሥቶ ቴክሳስ ሲያራግፍ የሚያድርበት ካውንቲ ለደመወዙ ምኑም አይደለም። ጡረተኛም እንዲሁ ነው፤ ዌስት ቨርጂኒያ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታን ከስቴት ግብር በየዓመቱ እየቀነሰች ከ2026 ጀምሮ ፈጽሞ ነፃ አድርጋለች፣ ሜሪላንድም ቢሆን እሱን አትነካም። ከቤቱ ሆኖ በኮምፒዩተር ለሩቅ መሥሪያ ቤት የሚሠራም አለ። ለእነዚህ ሰዎች ቤቱ በእርግጥም ርካሽ ነው፤ የገንዘባቸው ምንጭ ሌላ ቦታ ስለሆነ። «እኔ እንዳደረግሁት አድርጉ» ሲለን ሰውየው አልዋሸንም፤ የሚመክረው ግን የራሱን ኑሮ ነበር።

ይህን እያሰብኩ ሌላ ነገር ይከነክነኛል። ታናሽ ወንድሜ ደብረ ማርቆስ መምህር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቦታ ለመግዛት ሲያፈላልግ የገጠመውን ሲነግረኝ «ሻጩ ዋጋ የሚጠራው ለእኔ አይደለም፤ ውጭ አገር ላለው ለእናንተ ነው» ብሎኛል። ያን ጊዜ ተከፍቼበት ነበር፤ ገንዘብ የምልክለት እኔ ነኛ! አሁን ግን የአዛውንቱን ሁለት ልጆች አስባለሁ። በመጋዘን ደመወዝ ያንን ሦስት ኤከር ለመግዛት ሲያስቡ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱን ሸጦ፣ 105 ሺህ ዶላር ይዞ የመጣ ሰው ፊታቸው ቢቆም ለእነሱ ማን ነው? አዛውንቱ «ሰው ያስፈልገናል» ማለታቸው እውነት ነው፤ ልጆቻቸው እኛን ቢያገኙን ይህንኑ ይሉ እንደሆነ እንጃ።

በቤቱ ላይ ዋጋ አላቀረብንም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ተሽጦ ከማስታወቂያው ወረደ። ባለቤቴ ግን ከእኔ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማችም። «ሰውየው የጠየቁት አንተን ነው፤ እኔን አልጠየቁም» ትላለች፤ እሷ ነርስ ናት፣ የሚታመም ሰው ደግሞ በሁሉም ካውንቲ አለ። በእሷ ሐሳብ አሁን ትንሽ ቤት ገዝተን ማከራየት፣ ልጆቹ ሲጨርሱ መግባት ነው። በዌስት ቨርጂኒያ ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት ከሚከራይ ቤት ባነሰ መጠን እንደሚገበር፣ ለኪራይ ቤት የሚጠየቀው ወለድም ከፍ እንደሚል ነገርኳት። «ታዲያ እሱንም አስላው» አለችኝ። አላሰላሁትም፤ ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በዲሴምበር መጨረሻ ከሜሪላንድ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት አንድ ፖስታ መጣ። የቤት ግምት በየሦስት ዓመቱ ይከለሳል፤ ዘንድሮ ተራው የእኛ ሰፈር ነበር። ባለቤቴ ቆማ ከፈተችው፣ የድሮውንና የአዲሱን ግምት አነበበች፣ ለእኔ ሳትነግረኝ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ከዚያ መሳቢያውን ስባ ያጠፍኩትን ወረቀት አወጣችና፣ በሁለቱም ዓምድ ራስ ላይ የተጻፈውን 108 ሺህ ሰርዛ፣ «እስክሪብቶው አያልቅም ወይ?» እያለች ሌላ ትፈልግ ጀመር።